ማነቆው የቱ ነው? አሮጌ ላፕቶፕን ስለ ማደስና ስለ መለወጥ

ላፕቶፑ ሰባትና ስምንት ዓመት ያገለገለው ሰው ዘወትር ሁለት ምክሮችን ይሰማል። አንደኛው «አርጅቷል፤ አዲስ ግዛ» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «ራም ጨምርበት፤ እንደ አዲስ ይሆናል» የሚል ነው። ሁለቱም አልፎ አልፎ ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሁለቱም የሚሰነዘሩት ማሽኑ ሳይመረመር ነው። ሐኪም በሽተኛውን ሳያይ መድኃኒት ቢያዝ ማናችንም አንቀበለውም። በብዙ ወራት ደመወዝ ስለሚገዛ ዕቃ ግን ያለ ምርመራ የተሰጠን ፍርድ በቀላሉ እንቀበላለን። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም «አሮጌ ነው ወይስ አዲስ?» የሚለው ጥያቄ ቀርቶ «ማነቆው የቱ ነው?» በሚለው መተካት እንዳለበት ነው።

ጥያቄው ለምን አሁን?

ጉዳዩን አጣዳፊ ያደረጉት ሦስት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው የምንዛሪ ጉዳይ ነው። የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ላፕቶፕ ከነመለዋወጫው ከውጭ የሚገባ ዕቃ በመሆኑ፣ በደመወዝ የሚተዳደር ሰው አዲስ የመግዛት አቅሙ ክፉኛ ተዳክሟል።

ሁለተኛው የሶፍትዌር ጉዳይ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቋርጧል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍልን ይጠይቃል፤ ፕሮሰሰሩ የኢንቴል ከሆነም በጥቅሉ ስምንተኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በኋላ የተሠራ እንዲሆን ይፈልጋል። ስምንተኛው ትውልድ ገበያ ላይ የዋለው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ፣ አካላቸው ምንም እንከን የሌለበት እጅግ ብዙ ማሽኖች በዚህ ምክንያት በአንድ ቀን «ያረጁ» ተባሉ።

ሦስተኛው የሠፈር ጉዳይ ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በኮሪደር ልማት ምክንያት ካዛንቺስ ሲፈርስ፣ ብዙ ነዋሪዎችና ባለ ሱቆች ወደ ሌሎች የከተማዋ ክፍሎች ሄደዋል። በእንዲህ ያለ ነባር ሠፈር ጥገና በትውውቅ ላይ የቆመ ሥራ ነው። ጠጋኙ ደንበኛውን ያውቃል፤ ደንበኛውም ፋይሎቹን አምኖ ለማን እንደሚሰጥ ያውቃል። ትውውቁ ሲበተን ሰው ዕቃውን ለማያውቀው እጅ ከመስጠት ተበድሮም ቢሆን አዲስ ለመግዛት ይገፋፋል። ስለዚህ ባለቤቱ ራሱ የምርመራውን መሠረታዊ ሐሳብ ሊረዳ ይገባዋል።

በሚሊሰከንድ ስንቆጥር

ላፕቶፕ ሲንቀረፈፍ ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ፕሮሰሰሩ ነው። ፕሮሰሰር ግን እንደ ጫማ ሶል በአገልግሎት ብዛት እየሳሳ አይሄድም። ከመጠን በላይ ካልሞቀ በቀር፣ ከስምንት ዓመት በፊት በአንድ ሰከንድ ይሠራው የነበረውን ስሌት ዛሬም በአንድ ሰከንድ ይሠራዋል። የተለወጠው የምንጭንበት ሥራ ነው፤ ሥራው ሲበዛም መጀመሪያ የሚታነቀው አብዛኛውን ጊዜ ሃርድ ዲስኩ ነው።

ምክንያቱን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። በብዙ አሮጌ ላፕቶፖች ውስጥ የሚገኘው ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይሽከረከራል። አንድ ዙር ለመጨረስ 11 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል ማለት ነው። የተፈለገው መረጃ በማንበቢያው ሥር እስኪደርስ በአማካይ የግማሽ ዙር ጊዜ፣ ማለትም 5.5 ሚሊሰከንድ ገደማ፣ መጠበቅ ግድ ይላል። ማንበቢያው ራሱ ከቦታ ወደ ቦታ ለመሻገር ደግሞ 12 ሚሊሰከንድ ያህል ይወስዳል። ድምሩ ወደ 17 ሚሊሰከንድ ይጠጋል። ኮምፒውተሩ ሲነሣ በዲስኩ ላይ የተበታተኑ 10,000 ትንንሽ ንባቦች ቢያስፈልጉት፣ 170 ሰከንድ ወይም ሦስት ደቂቃ ገደማ በመጠበቅ ብቻ ያልፋል። ተንቀሳቃሽ አካል የሌለው ኤስ.ኤስ.ዲ. ግን አንዱን ንባብ በአንድ አሥረኛ ሚሊሰከንድ ገደማ ስለሚፈጽም፣ ያንኑ ሥራ በአንድ ሰከንድ ያጠናቅቀዋል።

ስለ ራምም ተመሳሳይ ስሌት ይሠራል። በራም ውስጥ ያለ መረጃ በ100 ናኖሰከንድ ገደማ ይገኛል። ይህን ጊዜ ወደ አንድ ሰከንድ ለጥጠን ብናስበው፣ ከኤስ.ኤስ.ዲ. መረጃ መጠበቅ 17 ደቂቃ፣ ከሃርድ ዲስክ መጠበቅ ደግሞ ሁለት ቀን ያህል ይሆናል። ራም ሲሞላ ኮምፒውተሩ የተረፈውን ወደ ዲስክ እያሸጋገረ ስለሚሠራ፣ 4 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ ብዙ ገጾች ሲከፈቱበት የሚደነዝዘው በዚህ ምክንያት ነው።

የትኛውን ክፍል መለወጥ እንደሚያዋጣ የሚነግረን ደግሞ የኮምፒውተር መሐንዲሱ ጂን አምዳል በ1967 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ሐሳብ ነው። አንድን ክፍል በማፍጠን የምናተርፈው ጊዜ ያ ክፍል ከጠቅላላው ሥራ በያዘው ድርሻ ይወሰናል። አንድ ሥራ 100 ሰከንድ ቢፈጅና ከዚህ ውስጥ 80ው ዲስክ በመጠበቅ የሚባክን ቢሆን፣ ፕሮሰሰሩን በሁለት እጥፍ ማፍጠን የሚያተርፍልን 10 ሰከንድ ብቻ ነው። ዲስኩን በአሥር እጥፍ ማፍጠን ግን ሥራውን ወደ 28 ሰከንድ ያወርደዋል። በሌላ አነጋገር፣ ማነቆውን ሳያውቁ ገንዘብ ማውጣት ቀዳዳውን ትቶ ባልዲውን እንደመቀባት ነው።

ምርመራው አስቸጋሪ አይደለም። ማሽኑ በሚንቀረፈፍበት ሰዓት ታስክ ማናጀር የተባለውን የዊንዶውስ ገጽ ከፍቶ ማየት ይበቃል። ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ዲስኩ 100 በመቶ ከሆነ ማነቆው ዲስኩ ነው። ራሙ ዘወትር ከ90 በመቶ በላይ ተይዞ ከሆነ ማነቆው ራሙ ነው። ፕሮሰሰሩ ለረጅም ጊዜ 100 በመቶ ላይ ከቆመ ግን፣ መጀመሪያ የቫይረስና የሙቀት ጉዳይ ተጣርቶ፣ በእርግጥም አቅሙ አንሶ ሊሆን ይችላል።

የአዲስ አበባ አየርና የላፕቶፕ ሙቀት

ሙቀትን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። አየሩ የሳሳ በመሆኑ የላፕቶፑ ማራገቢያ በእያንዳንዱ ዙር የሚገፋው የአየር ክብደት ያንሳል፤ ተሸክሞ የሚያወጣው ሙቀትም እንዲሁ። በዚህ ላይ የግንባታ አቧራ የአየር መውጫውን ሲደፍነው፣ ፕሮሰሰሩ ራሱን ከቃጠሎ ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ባለቤቱም «አረጀ» ይላል። ማራገቢያውን ማጽዳትና በፕሮሰሰሩና በሙቀት ማውጫው መካከል ያለውን የደረቀ ቅባት መቀየር እጅግ ርካሹ ጥገና ነው። ከማንኛውም ግዢ በፊት ይህ መደረግ ይኖርበታል።

እስከ የት ድረስ?

ይህን ስንል አሮጌ ሁሉ ይታደስ ማለታችን አይደለም። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እድሳቱ ተጠናቅቆ ዳግም የተከፈተውን አፍሪካ አዳራሽን እንውሰድ። በ1961 እ.ኤ.አ. የተመረቀው ይህ ሕንፃ፣ የሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ ባለ ቀለም መስታወት እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ውስጣዊ አገልግሎቶቹ ዘምነውለታል። በዚያው ሰሞን ከአዳራሹ ብዙም በማይርቀው ካዛንቺስ ማፍረስና እንደ አዲስ መሥራት ተመርጧል። ስለ ከተማ ልማት ፍርድ መስጠት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። ከአዳራሹ የምንወስደው ትምህርት ግን አለ፤ እድሳት የሚያዋጣው መሠረቱና ምሰሶው ተመርምሮ ጤናማ መሆኑ ሲረጋገጥ ነው።

የላፕቶፕ መሠረቱና ምሰሶው ማዘርቦርዱ ነው። ማዘርቦርዱ ከተበላሸ፣ ወይም ትንሽ መጠን ያለው ራም በማዘርቦርዱ ላይ ተበይዶ መጨመር የማይቻል ከሆነ፣ መለወጥ ይሻላል። በቪዲዮ ቅንብር ወይም በከባድ ስሌት የሚተዳደር፣ በምርመራም ማነቆው ፕሮሰሰሩ ሆኖ የተገኘበት ሰውም እንዲሁ ያድርግ። የመለዋወጫው ድምር ዋጋ ተመጣጣኝ አቅም ካለው ያገለገለ ላፕቶፕ ዋጋ ግማሹን ካለፈም ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ከ2025 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት ፍላጎት የራምን ዋጋ በዓለም ገበያ ስላናረው፣ ይህ ስሌት በየጊዜው መታደስ አለበት። ባትሪው ያበጠ ከሆነ ደግሞ ውይይት አያስፈልገውም፤ በዚያው ቀን መውጣት አለበት።

የደኅንነት ጥያቄም ችላ የሚባል አይደለም። ድጋፉ በተቋረጠ ሶፍትዌር የባንክ ሥራ መሥራት አደጋ አለው። ማይክሮሶፍት ለግል ተጠቃሚዎች ያዘጋጀው የተራዘመ የዊንዶውስ 10 ጥበቃም የሚዘልቀው እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ብቻ ነው። ሥራው ጽሑፍ፣ ኢንተርኔትና ትምህርት ለሆነ ሰው እንደ ኡቡንቱና ሊኑክስ ሚንት ያሉ ነፃ ሥርዓቶች መፍትሔ ይሆናሉ። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ ውስጥ ስለተካተተ የአማርኛ ጽሑፍም በእነዚህ ሥርዓቶች ላይ ያለ ችግር ይነበባል። በዊንዶውስ ላይ ብቻ በሚሠራ የሒሳብ ፕሮግራም የሚተዳደር ሰው ግን ይህ ምክር አይበጀውም።

«አዲሱ ኤሌክትሪክ ይቆጥባል» የሚለው ክርክርም በእኛ አገር አያስኬድም። አምራቾች ራሳቸው እንደሚገልጹት፣ አንድ ላፕቶፕ በዕድሜው ከሚያስከትለው የካርቦን ልቀት አብዛኛው የሚወጣው ገና ሲመረት ነው። የእኛ ኤሌክትሪክ ደግሞ ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ ኃይል የሚገኝ ነው። ስለዚህ ነባሩን ማሽን ሁለትና ሦስት ዓመት ተጨማሪ ማሠራት ለአካባቢ ጥበቃም ይበጃል። በተባበሩት መንግሥታት ድጋፍ በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣ ሪፖርት በ2022 ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ማመንጨቷንና ከዚህ ውስጥ በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ መሆኑን ገልጿል።

ለቂርቆስ መሥሪያ ቤቶች

ከዚህ ሁሉ አንድ ተግባራዊ ሐሳብ ይመነጫል። ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ከአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ጀምሮ ብዙ ዓለም አቀፍና አገር አቀፍ መሥሪያ ቤቶች የሚገኙበት ነው። ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች በልማድ ላፕቶፖቻቸውን በየጥቂት ዓመቱ ይለውጣሉ። የተነሡትን ለሌላ አሳልፎ ለመስጠት የሚያመነታ ተቋም የሚያነሣው ስጋት የምስጢር ጉዳይ ነው፤ ስጋቱም ተገቢ ነው። ነገር ግን ምስጢር ያለው በሃርድ ዲስኩ ውስጥ ነው። ለምስጢር ሲባል መወገድ ያለበት ክፍልና ለፍጥነት ሲባል መለወጥ ያለበት ክፍል ብዙ ጊዜ አንድና ያው ነው! ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ ዲስኩን አውጥቶ ያስቀር ወይም ያጥፋ፤ ቀሪውን ማሽን ለተማሪዎች ይስጥ። ተማሪው የሚያስፈልገው አንድ ኤስ.ኤስ.ዲ. ብቻ ይሆናል።

የሳይንስ ፋኩልቲዎችም ድርሻ አለን። ውጭ አገር በተማርንባቸው ቤተ ሙከራዎች የመለኪያ መሣሪያዎቹን የሚያንቀሳቅሱት ኮምፒውተሮች ብዙውን ጊዜ ከተማሪዎቹ ላፕቶፖች ያረጁ ነበሩ፤ ሥራቸውን በትክክል እስከሠሩ ድረስ ማንም «ይለወጡ» አይልም ነበር። እኛም በፊዚክስ ቤተ ሙከራ ውስጥ የአንድ ከሰዓት በኋላ ልምምድ መድበን፣ ተማሪው የራሱን ላፕቶፕ የዲስክ ፍጥነት፣ የፕሮሰሰር ሙቀትና የባትሪ አቅም እንዲለካና ማነቆውን እንዲያገኝ ማድረግ እንችላለን። ለዚህ አዲስ መሣሪያ አያስፈልግም፤ መሣሪያውን ተማሪው ይዞት ይመጣል። በየሠፈሩ የተበተኑትን ጠጋኞችም በልምምዱ ላይ አስተማሪ አድርጎ መጋበዝ ይቻላል፤ በእጃቸው ያለው ዕውቀት በየትኛውም የመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ አይገኝምና።

ቤተሰቡ በብዙ ድካም የገዛለት ላፕቶፕ የተንቀረፈፈበት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያቋርጥ ወይም ዕዳ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ከዚህ ሊያድነው የሚችለው ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ምርመራ ነው። ከመግዛትም ከመጣልም በፊት እንለካ።