መጽሐፍ ወደ ልጆች ሲሄድ

ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ሲሠራ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ ፈልጎ አጣ። ስለዚህ የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን አሳተመ። በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ ሾላ ለልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ። ሐዋሳ ላይ ደግሞ መጻሕፍት ራሳቸው አህያ በሚጎትተው ጋሪ ተጭነው ወደ ልጆቹ መንደር ሄዱ። እኛን ከሁሉ በላይ የሚማርከን ይህ ጉዞ ነው።

ልጆችን ከሁለት ቋንቋ ጋር ማገናኘት ግን ለወላጆችም ይቻላል። በየክረምቱ ከአሜሪካና ከአውሮፓ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ኢትዮጵያ የሚመጡ ወላጆች አሉ። ልጆቹ ጎንደርንና ላሊበላን ሲጎበኙ ደብተር ይያዙ፤ ያዩትን በሚቀናቸው ቋንቋ ይጻፉ፤ የፊደል ግድፈታቸው ለጊዜው ይታለፍ። ማታ ከአያታቸው የሰሙትን ተረት በማግስቱ በእንግሊዝኛ ይሞክሩት። አሳታሚዎችም በሁለት ቋንቋ የተዘጋጁ የልጆች መጻሕፍትን ከአዲስ አበባ ውጪ እንዲያደርሱ አጥብቀን እንጠይቃለን።