የምግብ ቤት ጾም

ከጥሉላት መባልዕት በመራቁ ብቻ ለነፍሱም ለሥጋውም ያተረፈ የሚመስለው ጾመኛ፥ በአዲስ አበባ ምግብ ቤት ከበየዓይነቱ ትሪ ፊት ተቀምጦ፥ ሽሮው ዘይት አንሳፎ፥ ከጎመኑ ሥር እንጀራው በዘይት ርሶ እያየ፥ የወጥ ሠሪዋን ሙያ ማመስገኑ ዘወትር ይደንቀኛል። ያ ዘይት ብዙ ጊዜ የሚረጋው የፓልም ዘይት ነውና፥ ከስቡም ግማሽ ያህሉ እንደ ቅቤው ስብ በደም ውስጥ ኮሌስትሮልን የሚያበዛ በመሆኑ፥ የሸሸው ነገር በሌላ ስም ከማዕዱ ቀርቦለታል። የጨውማ ነገር አይነሣ! የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች እንዲሆን ሲመክር፥ ወጥ ቤቱ ግን (ጥማቱ ለስላሳ መጠጥም ያሸጣል መሰለኝ) ያለ ስስት ይነሰንሰዋል። አሳላፊውን «ዘይቱ ይቀነስልኝ» ማለትን ነውር ያደረገብን ይሉኝታችን ነው፤ ባለቤቶቹም ዘይቱ የተመጠነ አልጫ ከምግብ ዝርዝራቸው ቢጨምሩ፥ ገበያቸው የሚጎድል አይመስለኝም።