ዝገት ሳይፋቅ ቀለም አይቀባም

በዚህ ወር ገጻችን የምናወሳው ስለ ጓዳ ወይም ስለ ልጆች አስተዳደግ ሳይሆን ስለ አንድ አሮጌ የጦር ካሚዮን ነው። ነገሩ ለቤተ ሰብ መጽሔት እንግዳ ቢመስልም፥ እስከ መጨረሻው የታገሠ አንባቢ ጕዳዩ የቤተ ሰብ ጕዳይ መሆኑን ይረዳዋል።

ካሚዮኑ ፊያት 634 የተባለው ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1931 ዓ.ም. ጀምሮ በኢጣልያ አገር የተሠራ ሲሆን፥ ስለ ግዝፈቱ ጣልያኖች «ዝሆን» ብለውታል። ሞተሩ በናፍጣ የሚሠራ፥ 6 ሲሊንደርና ከ8 ሊትር የሚበልጥ ይዘት ያለው ነው፤ ፍጥነቱ ግን በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እንኳ በጭንቅ ነው። መሪው በስተቀኝ ስለ ሆነ፥ ነጂው በጠባብ የተራራ መንገድ ላይ የገደሉን አፋፍ ከጎኑ እያየ ይነዳል። ፋሽስት ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ስትወር እንዲህ ያለው ካሚዮን ስንቅና ጥይት ተሸክሞ ገባ። በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ ወራሪው ሄደ፤ ካሚዮኑ ግን ቀረ። ነጋዴዎቻችንም ከቍጥሩ መጨረሻ ወስደው «ትሬንታ ኳትሮ» እያሉ ለብዙ ዘመን እህልና ሸቀጥ አመላለሱበት። ቃላቱም እንደ ብረቱ ቀሩ፤ ዛሬም መካኒኮቻችን ካምቢዮ፥ ፍሪሲዮን፥ ባሌስትራ ሲሉ የሚናገሩት ከጣልያንኛ የወረሱትን ነው።

ከእነዚህ ካሚዮኖች አንዱ በምናውቃቸው በአንዲት እማሆይ ግቢ፥ ከባሕር ዛፍ ሥር፥ ከ40 ዓመት በላይ ቆሞ ነበር። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ በጣርማበር ዋሻ በኩል ወደ ደሴ እየተመላለሱ ልጆቻቸውን ያሳደጉት በእርሱ ነው። የልጅ ልጃቸው መካኒክ ሆነና አንድ ቀን፥ «እማሆይ፥ ይፍቀዱልኝና የአያቴን መኪና ልጠግነው» ብሎ ለመናቸው። እርሳቸውም አይሆንም አሉ። ወጣቱ ስለ ገንዘቡ የሠጉ መስሎት ደጋግሞ ቢለምናቸው፥ «ልጄ፥ የአባቴን ታላቅ ወንድም ከደብረ ሊባኖስ የወሰደው እንዲህ ያለ ካሚዮን ነው» ሲሉ መለሱለት።

«ያ ግን ይህ አይደለም፥ እማሆይ» አላቸው።

«አለመሆኑን በምን ዐወቅህ?» አሉት። መልስ አላገኘም።

እማሆይ የተናገሩት ነገር አባቶቻችን በእንባ የሚያስታውሱት ነው። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ጭፍጨፋ በኋላ፥ ግራዚያኒ የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት በሤራ ተባባሪነት ጠረጠረ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር፥ ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓል የተሰበሰቡት መነኮሳትና ምእመናን ተከበቡ፤ በጭነት መኪና እየተጫኑም ላጋ ወልዴ ወደተባለው ስፍራ ተወስደው በጥይት ተረሸኑ። ከጥቂት ቀን በኋላ ደግሞ ዲያቆናቱ በደብረ ብርሃን አካባቢ ተገደሉ። የእማሆይ አጎት ከነዚያ ዲያቆናት አንዱ ነበሩ።

እማሆይ አንድ ሱባዔ ያህል ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያም የልጅ ልጃቸውን ጠርተው፥ «ሥራው፤ ነገር ግን ቀለም ከመቀባትህ በፊት ጥራኝ» አሉት።

ሥራው እንዴት እንደ ተከናወነ መግለጡ፥ በግቢያቸው አሮጌ መኪና ላላቸው ቤተ ሰቦች ይጠቅማል። ብዙ ዘመን የቆመን ሞተር በችኮላ ማስነሣት ማጥፋት ነው። ወጣቱ በመጀመሪያ ናፍጣ የሚረጩትን ኖዝሎች ፈታ፤ በየሲሊንደሩም ቀጭን ዘይት ጨምሮ ዝገቱ እስኪለቅ ድረስ ለብዙ ቀናት ተወው። ከዚያ በኋላ ሞተሩን በእጁ ቀስ እያለ አዞረው። በሌላ መኪና ቢያስጐትተው ኖሮ፥ የተጣበቀው ፒስተን ይሰበር ነበር። በነዳጅ ጋኑ ውስጥ የተጠራቀመውን ውኃና አተላ አስወግዶ አጠበው፤ ማጣሪያውን ለወጠ፤ በቧንቧዎቹ የገባውን አየር አስወጣ። ፖምፓውን ግን ራሱ አልነካውም። የውስጡ ብረቶች እጅግ ተጠጋግተው የተገጠሙ ስለ ሆኑ በብርጭቆ ወረቀት ቢታሹ ይበላሻሉ፤ ስለዚህ ለባለሙያ ሰጠው።

ብዙ ወጣቶች ሞተሩን ያስነሡና ፍሬኑን ለኋላ ያቆዩታል። ይህ አደገኛ ስሕተት ነው፤ መሄድ የቻለ ሁሉ መቆም መቻል አለበትና። የቀድሞ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ያለበት ስለ ሆነ፥ ብናኙ ለሳንባ መርዝ ነው። ወጣቱም በአየር ሳያራግፈው በውኃ እያራሰ ጠረገው። ላዩ ደኅና የሚመስል አሮጌ ጎማም አይታመንም፤ ጎኑ ተሰነጣጥቆ ይገኛል። በተለይም ባለ ቀለበት ቸርኬ ሲነፋ ቀለበቱ ተፈናጥሮ ሰው ይገድላል። ስለዚህ ጎማው በብረት ሳጥን ውስጥ ሆኖ ሰው ከፊቱ ርቆ ይነፋል። ሽፋናቸው የተበጣጠሰ የኤሌክትሪክ ሽቦዎችም እሳት ከማስነሣታቸው በፊት በአዲስ ተለወጡ።

ሞተሩ በሚነሣበት ቀን አንድ ሰው ወፍራም ሳንቃ ይዞ በአየር መሳቢያው አጠገብ ቆመ። ጎረቤቶች ምክንያቱን ጠየቁ። የናፍጣ ሞተር በሲሊንደሩ የቀረውን ዘይት እንደ ነዳጅ እያቃጠለ ያለ ልክ ሊፈጥን ይችላል፤ ያን ጊዜ ናፍጣውን መዝጋት አይበቃም፥ አየሩን መከልከል ያስፈልጋል። ደግነቱ ሳንቃው አላስፈለገም። ሞተሩ ሁለት ጊዜ አንደቀደቀና ነጭ ጢስ ተፋ፤ በሦስተኛው ጸንቶ ዞረ። እማሆይም ከደጃፋቸው ሆነው አማተቡ።

የቀረው ቀለም ነበር። ወጣቱ ባለቤታቸው የቀቡትን ሰማያዊ ቀለም ሲፍቀው፥ ከሥሩ አመድማ አረንጓዴ የሆነው የወታደር ቀለም ወጣ። እንደ ቃሉም አያቱን ጠራቸው። እማሆይ ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ሁሉ አሰባስበው መጡ። እጃቸውን በተፋቀው በር ላይ አኑረው፥ ስለ ዲያቆኑ አጎታቸው ከአባታቸው የሰሙትን ሁሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገሩዋቸው። ከልጆቻቸው መካከል የአጎታቸውን ክርስትና ስም ያን ቀን ገና የሰሙ ነበሩ። «አባታችሁ በዚህ መኪና እንጀራ ሲያመጣ፥ እኔ ነገሩን በሰማያዊው ቀለም ሥር ተውሁት» አሉ። ከዚያም፥ «አሁን ቀባው» አሉት። ወጣቱ ቀባው፤ በበሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ ግን መዳፍ የሚያህል ስፍራ ሳይቀባ ተወ።

አንባብያን ሆይ፤ ነቢዩ ኢሳይያስ የጦር መሣሪያ ወደ እርሻ ዕቃ የሚለወጥበትን ዘመን አስቀድሞ ተናግሯል። ብረት ኃጢአት የለበትም፤ ኃጢአት የሠራው ሰው ነው። ስለዚህ ወራሪ ያመጣውን ዕቃ ለእንጀራ ማዋል ነውር አይደለም። ነገር ግን ዕቃው ታሪክ አለው። መካኒክ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ዝገቱ ሳይፋቅ የተቀባ ቀለም ለጊዜው ያምራል፤ ዝገቱ ግን ከሥር እየበላ ይሄዳል። በየቤታችንም እንዲሁ ነው። ልጆች እንዳያዝኑ ብለን የምንደብቀው ሐዘን፥ ሳይነገር በመቅረቱ አይሞትም፤ ባለቤቱን ብቻውን ይበላዋል። ንስሐ የሚገባም ሰው ቁስሉን ለካህን የሚገልጠው ስለዚሁ ነው።

እንግዲህ በዚህ ወር አንድ ሥራ እናድርግ። በቤታችን ካሉት አሮጌ ዕቃዎች አንዱን አንሥተን፥ የማን እንደ ነበረና ምን እንዳየ ሽማግሌዎቻችንን በሕይወት ሳሉ እንጠይቅ። የሞቱትንም ዘመዶቻችንን ክርስትና ስም ጽፈን፥ ካህናት በጸሎት እንዲያስቡዋቸው እናድርግ።

ካሚዮኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ከግቢው የወጣው በግንቦት 12 ዋዜማ ነበር። ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት ዝክር የሚሆን እህል ጭኖ፥ በሰው እርምጃ ፍጥነት እስከ አጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ደረሰ፤ በቅጥሩም በር ላይ በደኅና ቆመ። እማሆይ ከነጂው አጠገብ ተቀምጠው ነበር።

እግዚአብሔር የሰማዕታቱን ነፍስ በአብርሃም እቅፍ ያኑርልን፤ ለእኛም እውነቱን የምንናገርበት ልብና የምንታረቅበት ጸጋ ይስጠን፤ አሜን።