ለናሪታ የሚጣራ በርበሬ ለሰበታ ለምን አይጣራም?

ረዘም ይላል። ጊዜ ያላችሁ አሁን አንብቡት፣ የሌላችሁ ማታ ተመለሱበት።

ባለፈው ወር እማዬ በርበሬ ስታሰጣ ፎቶ አንስቼ እዚሁ ገጼ ላይ ለጥፌ ነበር። "ጃፓን ላለችው እህቴ" ብዬ። አብዛኛው ሰው "እጇ ይባረክ" አለ፣ አመሰግናለሁ። ሁለት አስተያየቶች ግን አልለቅ አሉኝ። አንዱ "ጃፓን ድረስ ሄዳ በርበሬ ካማራት እዚሁ አትቀመጥም ነበር?" ይላል። ሌላው "እኛ እዚህ የምንበላው አጥተናል፣ እናንተ ወደ ውጭ ትልካላችሁ" ይላል። በውስጥ መስመር ልመልስ አስቤ ነበር። ግን ነገሩ የብዙ ቤት ነገር ስለሆነ እዚሁ ልበለው።

መጀመሪያ ለአንደኛው።

እህቴ ጃፓን ማስተርሷን እየተማረች ነው። ቶኪዮ ውስጥ ካትሱሺካ የሚባል አካባቢ አለ፣ ኢትዮጵያውያን ሰብሰብ ብለው የሚኖሩበት። እዚያ ያለ ሰው ቢያንስ ጎረቤቱን ይጠይቃል። እሷ ግን ከቶኪዮ በባቡር ሰዓታት በሚርቅ ከተማ ነው ያለችው። ቶኪዮ በሄደች ቁጥር ሺን ኦኩቦ ትወርዳለች፤ የባንግላዴሽ፣ የኔፓልና የህንድ ሰዎች የቅመም ሱቅ ያለበት ሰፈር ነው። ምስር፣ ሽንብራ፣ እርድ፣ አብሽ እዚያ ታገኛለች። ኮረሪማ የለም። የኛ በሶብላ የለም። ጌሾማ አይታሰብም። በኮረሪማ ፋንታ የህንዱን ሄል ብትጨምርበት "ወጡ ሻይ ሻይ አለኝ" አለችኝ። የኮሪያ በርበሬም ሞክራለች፤ ቀለሙ ያታልላል፣ ጣዕሙ ግን ሌላ ነው።

ጤፉን በኢንተርኔት ነው የምታዘው። የየት አገር ጤፍ እንደሚመጣላት ታውቃላችሁ? የአሜሪካ! አይዳሆ የሚባለው ግዛት ውስጥ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጤፍ ይዘራል። ከበቾ ሜዳ በአንድ ሰዓት መንገድ ላይ ያደገች የሰበታ ልጅ የአይዳሆ ጤፍ በየን ትገዛለች። ዋጋው ስለማይቻል ከሩዝ ዱቄት ጋር ትቀላቅለዋለች።

ይህንን ቅንጦት የሚል ሰው አንድ ወር ያለ እንጀራ ኖሮ ያሳየኝ። ደግሞ ሰው አገሩን ለቆ ሲሄድ ምላሱን ቦሌ አስረክቦ አይደለም የሚሄደው። ጃፓኖቹ ራሳቸው ሶያ ሶሳቸውን አሜሪካ ድረስ ይዘው ሄደዋል። ኪኮማን ዊስኮንሲን ላይ ፋብሪካ የከፈተው በ1973 (እ.ኤ.አ.) ነው። የምግብ ባህላቸውን በ2013 ዩኔስኮ መዝገብ ላይ አስፍረዋል። እኛ ዘንድ ግን በርበሬ ላኩልኝ ያለች ልጅ ይሾፍባታል። የእህቴ ብቻም አይደለም። ቡራዩ ያለ ጓደኛዬ እህቱ ቤሩት ሰው ቤት ትሠራለች። ዓመት በዓል ሲደርስ ከምንም በላይ የምትጠይቀው ሽሮ ነው። እሷም ቅንጦተኛ ናት?

አሁን ወደ ሁለተኛው። ይሄኛው ከባድ ነው፣ አልዘለውም።

እኔ መምህር ነኝ። ጤፍ ስንት እንደገባ ለኔ አትነግረኝም፣ ደሞዜ ይነግረኛል። ጥሬ ጤፍም ሆነ የጤፍ ዱቄት ወደ ውጭ እንዳይወጣ መንግሥት በ2006 (እ.ኤ.አ.) ሲከለክል ምክንያቱ እዚህ እንዳይወደድ ነበር። የተጋገረ እንጀራ ግን ይወጣል። ክልከላው ዋጋውን አላረከሰውም። "ባይከለከል ደግሞ ይብስ ነበር" የሚል አለ፣ ሊሆን ይችላል፣ አልከራከርም። ይህን ሁሉ ዓመት የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ ፓተንት አወጣ ብለን ተቆጣን፣ መቆጣታችንም ትክክል ነበር። በ2018 (እ.ኤ.አ.) የሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ አደረገው፣ ደስ አለን። ግን ንዴታችንም ደስታችንም አንድ ኪሎ የኛን ጤፍ ጃፓን ሱቅ መደርደሪያ ላይ አላስቀመጠም።

እሺ ጤፍ ተከለከለ እንበል። በርበሬና ሽሮስ? እነሱን ማን ከለከላቸው? ለምንድነው እስከ ዛሬ በሰው ሻንጣ፣ በልመና፣ "ኪሎ ይተርፍሃል ወይ?" እየተባለ የሚሄዱት?

መልሱን ያገኘሁት ከናሪታ ነው።

እማዬ ያዘጋጀችውን አምስት ኪሎ በርበሬ ይዞ የሄደው የማናውቀው ልጅ ነው፣ በሰው በሰው የተገኘ። እማዬ ሳትነግረኝ ቋንጣም ጨምራለች። ናሪታ ሲደርስ ቋንጣውን እዚያው አስቀሩት። ሕጋቸው ነው፣ ሥጋ ያለ እንስሳት ጤና ምስክር ወረቀት አይገባም፣ ጥፋቱ የኛ ነው። በርበሬውን ግን አገላብጠው አዩት። በፕላስተር የተጠቀለለ፣ ስም የሌለው ቀይ ዱቄት! ልጁን ሦስት ነገር ጠየቁት። ማን አዘጋጀው? ምን ምን አለበት? መቼ ተፈጨ? ልጁ አንዱንም አያውቅም። ላብ በላብ ሆኖ ቆይቶ በመጨረሻ አሳለፉት። ለእህቴ ሲያስረክባት "ሁለተኛ አልሸከምም" አላት። አልፈርድበትም።

ቆይ ግን። ሦስቱን ጥያቄዎች እስቲ ድገሟቸው። ማን አዘጋጀው? ምን አለበት? መቼ ተፈጨ? ሰበታ ገበያ ላይ ይህን ጠይቄ አውቃለሁ? በጭራሽ። እናንተስ?

እዚህ ላይ ነው ሁለተኛው አስተያየት ሰጪ ሳያስበው ቁስሉን የነካው።

እማዬ ያን በርበሬ ስታዘጋጅ ሦስት ሳምንት ፈጅቶባታል። ዛላውን አንድ በአንድ ቀነጠሰች፣ ጠቆር ያለውንና የሻገተውን ለይታ ጣለች። መሬት ላይ አላሰጣችም፣ አልጋ ቆርቆሮ ላይ አውጥታ ሸራ አንጥፋ ነው። ዝናብ ሲያጉረመርም እየሮጠች ታስገባለች። ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከበሶብላ ጋር ወቅጣ እንደገና አደረቀችው፣ ኮረሪማውንና አዝሙዱን አምሳ ጨመረች። ወፍጮ ቤት ደግሞ ከሷ በፊት በቆሎ ከተፈጨ አታስገባም፣ በርበሬ እስኪፈጭ ተራዋን ለሌላ ለቃ ትጠብቃለች። "ለሰው አገር ነው የሚሄደው" ትላለች።

እና በርበሬው ሁሉ ሄደ። ለኛ ቤት አልቀረም። እኔ ከአንድ ሱቅ ግማሽ ኪሎ ገዛሁ። ወጡ ሲሠራ ጥርስ ስር ቅርር አለ። ልጄ "አባ፣ አሸዋ አለው" አለችኝ። አምስት ዓመቷ ነው።

የባዮሎጂ መምህር ነኝና ነገሩን ክፍል ይዤው ገባሁ። ተማሪዎቼን "ከቤታችሁ አንድ ማንኪያ በርበሬ አምጡ" አልኳቸው። በብርጭቆ ውሃ ላይ በተንነው ጠበቅን። ከአንዳንዱ ብርጭቆ ስር ቶሎ የዘቀጠ፣ በጣት ሲታሽ የሚሻክር ነገር ተገኘ። ይሄ ላቦራቶሪ አይደለም፣ ሸክላ ነው ድንጋይ ነው ብዬ አልምልም። በርበሬ እንዳልሆነ ግን የዘጠነኛ ክፍል ተማሪም ገብቶታል። አንዷ ልጅ እጇን አውጥታ "ቲቸር፣ ታዲያ ለማን ነው የሚነገረው?" አለች። መልስ አልነበረኝም።

የሚዘቅጠውስ ይታያል። የማይታየው ይብሳል። በርበሬም ሆነ የሽሮ እህል እርጥብ ሳለ ከተከመረ ሻጋታ ይይዘዋል። አንዳንዱ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይተዋል። በጣዕም አይለይም፣ ወጥ በማብሰል አይጠፋም፣ ለብዙ ጊዜ ሲወሰድ ጉበትን ይጎዳል። ይህ አዲስ ወሬ አይደለም፣ አዲስ አበባ ውስጥ በሽሮና በተፈጨ በርበሬ ላይ ተመርምሮ የታተመው በ1996 (እ.ኤ.አ.) ነው። ጃፓን በምግብ ውስጥ የምትፈቅደው በኪሎ እስከ 10 ማይክሮ ግራም ብቻ ነው። ይህ ማለት ከቢሊዮን አሥር እጅ። እነሱ ይህን ያህል ይቆጥራሉ። የኛን ማን ይቆጥርልናል?

"አንችልም፣ ደሃ ነን" እንዳትሉኝ። እንደምንችል አይቻለሁ። በ2008 (እ.ኤ.አ.) ጃፓን በቡናችን ውስጥ ከመጠን ያለፈ የፀረ ተባይ ቅሪት አገኘሁ አለች። ገበያው ወደቀ። ያኔ ቢሮው ሁሉ ተንቀሳቀሰ፣ ጆንያው ሳይቀር ተጠርጥሮ ተመረመረ። ለምን? ገዢው "አልበላም" ስላለ። የሰበታ ልጅ ግን "አልበላም" የማለት አቅም የላትም፣ የቀረበላትን ትበላለች። ስለዚህ ለሷ የሚሮጥ የለም። ለባዕድ ሆድ ሰርተፍኬት፣ ለራሳችን ሆድ "እግዚአብሔር ይጠብቅ"። ይሄ ነው የሚያናድደኝ!

ስለዚህ ወንድሜ፣ ጠላትህ የእህቴ አምስት ኪሎ አይደለም። ለእሷ የሚደረገው ጥንቃቄ ላንተ ልጅ የማይደረግ መሆኑ ነው። ለሁለቱም መድኃኒቱ ደግሞ አንድ ነው። እዚህ ገበያ ላይ ማን እንዳዘጋጀው፣ ምን እንዳለበትና መቼ እንደተፈጨ የተጻፈበት በርበሬ ቢኖር ያው እሽግ ናሪታንም ያልፋል፣ ልጄም ትበላዋለች።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ዛሬ በአንድ ሸገር ከተማ ሥር ናቸው። ተቆጣጣሪ ሲወጣ የንግድ ፈቃድ ግድግዳ ላይ መሰቀሉን ብቻ አይቶ አይመለስ፣ አንድ ጭልፋ ናሙና ይውሰድ፣ ውጤቱንም ይለጥፍ። የባልትና ሥራ የሚሠሩ እናቶች ከተደራጁ ከመሬት ከፍ ያለ ማድረቂያ ይሰጣቸው። ምርመራው ለአንድ እናት ውድ ነው፣ ለሃያ እናት ሲካፈል ግን ይቻላል። ሱሉልታ ቅቤ የሚያወጡ እናቶችም እንደዚሁ። የነሱ ንጹህ ቅቤ ከተቀላቀለው ጋር እኩል ዋጋ እየወጣለት እስከ መቼ?

እኛም ከተጠያቂነት አንወጣም። በአሥር ብር የረከሰውን እየመረጥን "ነጋዴው ሌባ ነው" እንላለን። ደሞዛችን ያስገድደናል፣ አውቃለሁ፣ እኔም ያው ነኝ። ግን መጠየቅ ብር አያስከፍልም።

የፊታችን ቅዳሜ ገበያ እወጣለሁ። ሦስቱን ጥያቄዎች በርበሬ ሻጩን ሁሉ እጠይቃለሁ፣ የሰጡኝንም መልስ እዚሁ እጽፋለሁ። እናንተም በየሰፈራችሁ ጠይቁና ከሥር አስቀምጡ። የሰው ስም፣ የሱቅ ስም አትጥቀሱ፣ መልሱን ብቻ። የተማሪዬን ጥያቄ የሚመልስ ካለም ደስ ይለኛል፣ ሰኞ ጠዋት ክፍል ስገባ ትጠይቀኛለች።

ስድብ አጠፋለሁ። ሐሳብ አላጠፋም።