የተማሪ ጓዳም ጓዳ ነው

ከግቢ ውጪ ቤት ተከራይተን የምንኖር ተማሪዎች ስለ ጤናማ ምግብ ሲነሳ «እሱማ የሀብታም ነው» ማለት ይቀናናል። እኔ በበኩሌ በዚህ አልስማማም። የሚጎዳን የብር ማነስ ብቻ ሳይሆን የምንገዛበት ቅደም ተከተልም ጭምር ነው።

እስቲ ልብ እንበል። ከቤተሰብ ብር እንደመጣ የምንሮጠው ለፓስታና ለዘይት ነው። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ዳቦ በሻይ ይጀመራል። ከዚያ ወዲያ ሁሉም ነገር ከሰፈር ሱቅ በትንሽ በትንሹ ነው፤ ሲደመር ደሞ ከኪሎው ይወደዳል።

በእኔ አስተያየት መቅደም ያለበት ጥራጥሬ ነው። መቶ ግራም ደረቅ ምስር 25 ግራም ያህል ፕሮቲን ሲኖረው፣ መቶ ግራም ፓስታ ያለው የዚህን ግማሽ ያህል ነው። ምስር፣ ክክ፣ ባቄላና ሽምብራ ደረቅ ቦታ ከተቀመጡ ለወራት ይቆያሉ፤ ፍሪጅ አይጠይቁም። ሽሮ ግን ተፈጭቶ ሲገዛ ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም። ጓያ በብዛት ለረጅም ጊዜ ሲበላ እግር ያሽመደምዳልና እህሉን ራስ ገዝቶ ማስፈጨት ይሻላል።

ጨውም ቀላል ነገር አይደለም። በ2003 ዓ.ም. የወጣ ደንብ የምግብ ጨው አዮዲን እንዲኖረው ያስገድዳል። ስለዚህ አዮዲን እንዳለው የተጻፈበትን እሽግ መግዛት፣ ክዳን ባለው ዕቃ ማስቀመጥ፣ ወጡ ሊወርድ ሲልም መጨመር ነው፤ አዮዲኑ በሙቀትና በእርጥበት ይቀንሳል።

ጎመን፣ ቲማቲምና ሎሚ ስለማይቆዩ በየሳምንቱ በትንሹ ይገዙ። ሎሚ በምስሩ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነታችን እንዲጠቀምበት ይረዳል፤ ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይ ግን ያንኑ ይቀንሰዋል።

«ምስር እኮ ተወዷል!» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ተወዷል። ለዚህም ነው ለየብቻ መግዛት የማያዋጣን። ሦስት አራት ሆነን አዋጥተን ቅዳሜ ሾላ ወይም መርካቶ እህል በረንዳ ብንወርድ የታክሲውም የወፍጮውም ወጪ ይከፋፈላል። ጊዜ የለንም ለምንል ደግሞ ባቄላና ሽምብራ ማታ ተዘፍዝፈው ካደሩ ቶሎ ይበስላሉ።

ፈተና የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ብሩ ሲያልቅ ነው። ያን ሰሞን የምንበላው የሚወሰነው ደግሞ ብሩ በእጃችን ሳለ ነው። እንግዲህ በሚቀጥለው ወር ከፓስታው በፊት ክኩን እናስቀድም።