መኪና የለኝም፣ ስለ ጎማ ግን እናገራለሁ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወዳጄ አዲስ ጎማ ያስገጠመለትን ራቭፎር ፎቶ ለጠፈ። "አሁን ገና መኪና መሰለ!" ከሚሉት ኮሜንቶች ሥር እኔ "ቁጥሩ ስንት ነው? ከነበረው በምን ያህል ይበልጣል?" ብዬ ጠየቅኩ። ጥፋቴ ይኼው ነው። ከዚያ የወረደብኝን ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። "መኪና የሌለው የመኪና ሊቅ"፣ "ቲቸር፣ አንተ ባጃጅህን ጠብቅ"። አንዱማ "በዲፕሎማ ጎማ ይተነተናል እንዴ?" ብሏል።

አዎ፣ ያለኝ ዲፕሎማ ነው። መኪናም የለኝም፣ በዚህ ደሞዝ የሚኖረኝም አይመስለኝም። ግን ፊዚክስ ማስተማር ከጀመርኩ አሥር ዓመት አልፎኛል፣ ጎማ ደግሞ ክብ ነገር ነው። ዲግሪ ካስፈለገም ክቡ ራሱ 360 አለው።

አቋሜን መጀመሪያ ልናገርና ከዚያ ተሳደቡ። ኦል ቴሬይን ጎማ አትግዙ አላልኩም። እኛ ጅማ አካባቢ፣ በተለይ ከአጋሮ ወደ ውስጥ ለሚገባ ሰው፣ ጥርሱ ጠለቅ ያለ፣ ጎኑ ጠንከር ያለ ጎማ ቅንጦት አይደለም። እኔ የምቃወመው ከፋብሪካ የወጣው ቸርኬ ሳይቀየር፣ ሞላው ሳይነካ፣ ምንም ሳይለካ፣ "ተለቅ ያለውን ስጠኝ" ተብሎ የሚገዛውን ጎማ ነው። ያ ጎማ የሚገዛው ለመንገዱ ሳይሆን ለጎረቤት ዓይን ነው። ለጎረቤት ዓይን የተገዛ ጎማ ላይ ደግሞ እናቴ ተሳፍራበታለች፣ ስለዚህ ያገባኛል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ ነው የሚኖረው፤ በራቭፎሩ ነው የሚሠራው፣ ያከራያታል፣ ሲያመች ራሱ ይነዳታል። እናታችን ለዓይን ህክምና እሱ ጋ ቆይታ ወደ አጋሮ ልትመለስ ስትል እኔም ሄጄ አብሬ መጣሁ። ጠዋት ግቢው ውስጥ መኪናዋን ሳያት አላወቅኳትም። ደረቷን ነፍታለች። ወንድሜ ዙሪያዋን እየዞረ "እህ? እንዴት ነች?" ይለኛል። 225/65 አር 17 የነበረውን አውጥቶ 245/65 አር 17 አስገብቷል። ሻጩ "ያለምንም ችግር ይገባል፣ ሁሉም ይሄንን ነው የሚያስገባው" ብሎታል። አራት ብቻ ነው የገዛው፣ ምክንያቱም አምስተኛው ከኋላ በር ላይ ያለው የትርፍ ጎማ መሸፈኛ ውስጥ አልገባም አለ። ልብ በሉ፣ መኪናዋ ያኔውኑ ተናግራለች፣ የሰማት የለም እንጂ።

እስቲ ቁጥሩን እንፍታው። የድሮ ተማሪዎቼ፣ ደብተር አውጡ። 225 ማለት የጎማው ወርድ በሚሊሜትር ነው። 65 ማለት የጎማው ጎን ከፍታ ከወርዱ 65 ከመቶ ነው ማለት ነው። 17 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች። እንግዲህ 17 ኢንች 431.8 ሚሊሜትር ነው፤ ጎኑ 146.25፣ ከላይና ከታች ስላለ ሁለት ጊዜ 292.5። ድምሩ 724 ሚሊሜትር ገደማ። ለ245ቱ ተመሳሳዩን ሥሩ፣ 750 ይመጣል። ልዩነቱ 26 ሚሊሜትር፣ በመቶኛ 3.6።

እና መኪናዋ ከመሬት በስንት ከፍ አለች? በ26 አይደለም፣ በግማሹ ነው፤ የተሽከርካሪው እግር መሃሉ ላይ ነው የተያዘው። 13 ሚሊሜትር። የአውራ ጣታችሁን ጥፍር እዩት፣ ወርዱ ያን ያህል ነው። ወንድሜ የእኔን የስንት ወር ደሞዝ ከፍሎ የገዛው ከፍታ አንድ ጥፍር ነው! አራት ሰው ከነሻንጣው ሲሳፈር ሞላው ከዚያ በላይ ይወርዳል።

ለዚህ አንድ ጥፍር የተከፈለውን ደግሞ እንይ። የፍጥነት መቁጠሪያው የሚቆጥረው የእግሩን ዙረት ነው፤ እግሩ መተለቁን ማን ነገረው? 100 ሲል 103 አልፋችኋል። ይሄ ብቻውን አያስፈራኝም፣ ብዙ መኪና ከፋብሪካ ሲወጣም ትንሽ አብዝቶ እንዲያሳይ ተደርጎ ነው። የሚያስፈራኝ ፍሬኑ ነው። የፍሬን ሸራው የሚሰጠው የመጠምዘዝ ኃይል አልተቀየረም፤ ያ ኃይል መሬት ላይ የሚደርሰው ለጎማው ሬዲየስ ተካፍሎ ነው። ሬዲየሱ ሲጨምር፣ እግራችሁ ፔዳሉን በእኩል ቢረግጠውም መሬቱ ላይ የሚይዘው ኃይል ይቀንሳል። ማርሹም እንደዚያው። ትልቅ ጎማ ማለት ማርሹን ሳትነኩት ወደ ላይ እንደ መቀየር ነው፤ ዳገት ላይ ይጎትታል፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሞተሩ መኪናውን የሚይዝበት ጉልበት ያንሳል። የእኛ አገር ደግሞ ሜዳ አይደለም። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚያ ከፍታ ላይ ከባህር ዳርቻው ጉልበቱ ሩብ ያህሉን በቀጭኑ አየር ያጣል። ከተረፈው ላይ እኛ እየቀነስን።

"ሦስት ከመቶ ምን አላት?" ትሉኛላችሁ። ብቻዋን ብትመጣ ምንም አልነበራትም። ግን ብቻዋን አትመጣም። ኦል ቴሬይን ጎማ ከተራው ይከብዳል፤ ክብደቱ ደግሞ ያለው ዳር ላይ ነው፣ የሚሽከረከር ነገር ዳሩ ሲከብድ ለማስነሳትም ለማቆምም እንደሚያስቸግር ክፍል ውስጥ በብስክሌት እግር አሳይቻችኋለሁ። በእርጥብ አስፋልት ላይ ደግሞ እነዚያ ትልልቅ ጥርሶች ከአስፋልት ጎማ ያነሰ ነው የሚይዙት። ሁሉም በአንድ ወገን ነው የሚጎትተው። ሰው፣ ሻንጣ፣ ቁልቁለትና ዝናብ ሲጨመርበት ሂሳቡን ራሳችሁ ድምሩት።

እኛ የደመርነው ጊቤ ላይ ነው። ወልቂጤን አልፈን ወደ ድልድዩ ስንወርድ ዝናቡ ገና አባርቷል። እናቴ ከኋላ፣ ዓይኗ ላይ መነጽር አድርጋ፣ ጥቅጥቅ ብላ ተቀምጣለች። ኩርባ ላይ መሪው ሲጠመዘዝ ከፊት በግራ በኩል "ሽርርር" የሚል ድምፅ። ወንድሜ "አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይለቃል" አለ። የሚቀጥለው ኩርባ ላይ የጎማ ሽታ መጣ። ከፊታችን አንድ የጫነ ሲኖትራክ እየተንፏቀቀ ይወርዳል፤ ወንድሜ በለመደው ርቀት ላይ በለመደው ልክ ፍሬን ረገጠ። መኪናዋ በለመደችው ቦታ ላይ አልቆመችም። ደግሞ ረገጠ፣ በሙሉ እግሩ። ቆመች፣ ቆመች፣ ግን የሲኖትራኩን የኋላ ሰሌዳ ቆጥሬ መናገር እችል ነበር። እናቴ "ልጄ፣ ምነው?" አለች። እኔም እሱም አልመለስንላትም።

ድልድዩን ተሻግረን ወርደን አየነው። የግራው የፊት ጎማ የውስጥ ጎኑ ተበልቷል። ምክንያቱ ያው ቁጥሩ ነው። ጎማው በ20 ሚሊሜትር ሲሰፋ 10ሩ ወደ ውጭ፣ 10ሩ ወደ ውስጥ ነው የሚሄደው፤ በከፍታ ደግሞ 13 ወደ ላይ። እዚያ ጋ፣ ከጎማው በላይ፣ የሞላው መቀመጫ ብረት አለ። ግቢ ውስጥ ቆሞ ሲታይ ጣት ያሳልፋል፤ ሞላው ሲታመቅና መሪው ሲጠመዘዝ ግን ጣቱም አያልፍም። የፓራፋንጎው ላስቲክም ተገሽልጧል። የነበረን ትርፍ ጎማ የድሮው 225 ነው። አራቱም እግር በሚነዳ መኪና ላይ ሦስት ትልቅና አንድ ትንሽ ጎማ ማለት ዲፈረንሻሉንና ከኋላ ያለውን ማገናኛ እየፈጩ መሄድ ማለት ነው። አማራጭ ስላልነበረን አደረግነው፣ በ40 እየተሳብን ጅማ ስንደርስ መሽቷል።

ጅማ የሚሠራው ጎሚስታ የድሮ ተማሪዬ ነው፣ ስሙን አልጠራም፣ ራሱን ያውቃል። በባትሪ ጎንበስ ብሎ አየና "ቲቸር፣ ይሄ እኮ የዘጠነኛ ክፍል ጥያቄ ነው" አለኝ። ወንድሜ ፊት! ያን ልጅ በጊዜው 100 ከ100 ባለመስጠቴ ተጸጸትኩ።

አሁን ለተሳዳቢዎቼ ፍትሐዊ ልሁን። አንድ እውነት አላችሁ። ረጅም ጎን ያለው ጎማ ኮረኮንች ላይ ይሻላል፤ ድንጋይ ሲመታው ጎማው ይዋጣል እንጂ ቸርኬው አይጣመምም። ለዚህም ነው ባለ 17ቱን ቸርኬ ይዞ ባለ 65 ጎን መጠቀም፣ ለውበት ብሎ ወደ 18 ወጥቶ ስስ ጎማ ከማድረግ የሚበልጠው። እዚህ ላይ አብረን ነን። ግን ያ ጥቅም በነበረው ቁጥርም ይገኛል እኮ! 225/65 አር 17 በኦል ቴሬይን ይሸጣል። አልሰማ ያለ፣ የግድ ትንሽ ልጨምር ያለ፣ 235/65 አለ፤ 737 ሚሊሜትር፣ ልዩነቱ 1.8 ከመቶ። ከሦስት ከመቶ አትለፉ የሚባለው የተለመደ ልክ ውስጥ ነው። እሱንም ቢሆን መሪውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዛችሁ፣ ሰው አስጭናችሁ፣ ከውስጥ በኩል በእጃችሁ ዳስሳችሁ። ጭቃን በተመለከተ ደግሞ አትታለሉ፤ ዋልካ አፈር ውስጥ የኦል ቴሬይን ጥርስ በሁለት ዙር ይሞላና እንደ ድስት ልሙጥ ይሆናል፣ 225 ሆነ 245።

ልትገዙ ስትሄዱ ከጎማው ስፋት በፊት የምታነቡት ሌላ ነገር አለ። የሹፌሩን በር ስትከፍቱ ምሰሶው ላይ የተለጠፈች ወረቀት አለች፤ ቁጥሩም፣ የንፋሱ ልክም እዚያ ነው። ከጎማው ቁጥር ቀጥሎ ለምሳሌ 102 የሚል ካለ አንዱ ጎማ 850 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው፤ 98 ከሆነ 750። ከነበረው ያነሰውን እንዳትወስዱ፣ ጥርሱ ምንም ያህል ቢያምር። ጎኑ ላይ "ኤል ቲ" የሚል ካለ ለጭነት መኪና የተሠራ ነው፤ ይከብዳል፣ ያንኑ ክብደት ለመሸከምም ከፍ ያለ ንፋስ ይፈልጋል፣ በበሩ ወረቀት ልክ ከሞላችሁት ያንሰዋል። ከሁሉም በላይ አራቷን የመጨረሻ ቁጥር ፈልጉ። 2319 ካለ በ2019 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ሱቅ ውስጥ ስላብረቀረቀ አዲስ ነው ማለት አይደለም፣ ላስቲክ ተቀምጦም ያረጃል። ወንድሜ ስለ ወርዱ ሲከራከር ይህችን ቁጥር አላያትም ነበር። ምን እንዳነበብኩባት አልነግራችሁም፣ ከእሱ ጋር ገና አልታረቅንም።

"ሁሉም ይሄንን ነው የሚያስገባው" የምትለዋ አባባል ግን ልቤን ታቃጥለዋለች። ማን ነው ሁሉም? ሁሉም ሲያስገባ ሁሉም ለክቶ ነው? ወይስ አንዱ አስገባ፣ ሌላው ፎቶውን አየ? ሻጩ ነጋዴ ነው፣ የያዘውን ይሸጣል፣ በሱ አልፈርድም። የምፈርደው አንድ ካልኩሌተር በኪሱ ስልክ ውስጥ ይዞ፣ ሚስቱንና ልጆቹን የሚያሳፍርበትን ነገር በዓይን ገምቶ በሚገዛ ሰው ላይ ነው። ከዚያ የጠየቀውን ሰው ደግሞ መኪና የለህም ብሎ ይሰድባል። መኪና ባይኖረኝም ተሳፋሪ ነኝ እኮ። እናቴም ተሳፋሪ ነች።

ስለዚህ ኮሜንት ላይ የበራችሁን ወረቀት ቁጥርና ልትገዙ ያሰባችሁትን ጻፉልኝ። አሰላላችኋለሁ፣ በነፃ። ስድቡንም ከፈለጋችሁ ከቁጥሩ ቀጥላችሁ ጻፉት፣ ቁጥሩን ግን አስቀድሙ።

ወንድሜ 225ቱን በኦል ቴሬይን ገዝቶ ገጥሟል። የተረፉት ሦስት ትልልቅ ጎማዎች በረንዳው ላይ ናቸው፣ "ፖስት አድርግልኝና ይሸጡ" ብሎኝ ነበር። ለራቭፎር አልሸጥም። 245/65 አር 17 ከፋብሪካ ይዞ የወጣ መኪና ያለው፣ ለምሳሌ 2010 ሃይላንደር፣ በውስጥ መስመር ያናግረኝ። ሦስት ብቻ ናቸው። የምርት ቀናቸውን ፎቶ አንስቼ እልካለሁ።