ባቡሩ አንዋርን አልፎ ሄደ፤ ስሙን ግን አልጠራም

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም

 

መስከረም 9 ቀን 2008 የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሥራ ጀመረ። መጀመሪያ ከቃሊቲ ምኒልክ አደባባይ፣ ቀጥሎ ከአያት ጦር ኃይሎች። 34 ኪሎ ሜትር ሐዲድ፣ 39 ፌርማታ፣ 475 ሚሊዮን ዶላር። ከወጪው 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተበደርነው ነው። “የተበደርነው” ማለታችን በስህተት አይደለም። ዕዳው የሚከፈለው በዶላር ነው፤ ዶላር ከሚያመጣው አንዱ ደግሞ የእኛ ቡና ነው። “የሸገር ባቡር ሰርቦን ምን አገባት?” ለሚል መልሳችን ይኸው ነው።

ከጅማ ተሳፍሮ መርካቶ አውቶቡስ ተራ የወረደ ሙስሊም ሻንጣውን አስቀምጦ ለሶላት የሚሄደው ወደ አንዋር ነው። ነጋዴውም፣ የታክሲ ረዳቱም፣ ሙስሊም ያልሆነውም ለቀጠሮ “አንዋር መስጊድ ጋ” ይላል። እስቲ የዚያን መስመር ፌርማታዎች እንቁጠር፦ ምኒልክ አደባባይ፣ አትክልት ተራ፣ ጎጃም በረንዳ፣ አውቶቡስ ተራ፣ ሰባተኛ፣ አብነት፣ ዳርማር፣ ልደታ። ወደ ቃሊቲ ሲወርድ አቦ አለ። በምሥራቁ መስመር ሚካኤል፣ ዑራኤልና እስጢፋኖስ አሉ። ከ39ኙ ውስጥ በመስጊድ የተሰየመ አንድም የለም።

ዑራኤል ይነሳ ያለ የለም። ክርስቲያን ወገናችን ሰፈሩን በታቦቱ ስም መጥራቱ የቆየ ልማድ ነው፤ እኛም “ዑራኤል ወራጅ አለ!” ብለን ነው የምንወርደው። ጠባችን ከሚዛኑ ጋር ነው። አወሊያን ስንጠይቅ፣ መጅሊሳችን ይመለስልን ስንል፣ “መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው” ተብሎ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 ሲነበብልን ኖረ። ታዲያ ፌርማታ ሲሰየም አንቀጽ 11 የት ነበር? የለም፣ ሚዛኑ ሕዝብ የለመደው ስም ነው ከተባለም አንዋር ሕዝብ የለመደው ስም ነው። በሁለቱም ሚዛን ብንመዘን ጎደሎ የምንወጣው ለምንድን ነው?

በቀደም ከመግሪብ በኋላ አንድ ወንድማችን ተቆጣን። “ሐምሌ 27 ቀን 2007 ኮሚቴዎቻችንን ጨምሮ በ18 ሰው ላይ ከ7 እስከ 22 ዓመት እስራት ተፈርዶ፣ እናንተ የፌርማታ ስም ትቆጥራላችሁ?” አለ። ቁጣው ሐቅ ነው። ግን ኮሚቴዎቻችን የታሰሩት በምን ጥያቄ ነው? ስለ ሙስሊሙ ሲወሰን ሙስሊሙ ይጠየቅ በማለታቸው አይደለምን? ምርጫው በመስጊድ ይሁን አልን፤ መስከረም 27 ቀን 2005 በቀበሌ ተደረገ። በቀበሌ የተመረጠ ሰው ስም በሚወጣበት ቢሮ ገብቶ “አንዋርስ?” ብሎ ሲጠይቅ እኛ አልሰማንም። በዲናችን ሹራ ትልቅ ነገር ነው፤ በቁርኣን ውስጥ በዚሁ ስም የሚጠራ ሙሉ ሱራ አለ።

እኛ የጅማ ሰዎች ደግሞ ስም ሲሄድ ምን አብሮ እንደሚሄድ እናውቃለን። የአባ ጅፋር መንግሥት ከፈረሰ በኋላ አገራችን የከፋ ጠቅላይ ግዛት ተብላ ተጠራች። ነጋዴ ከየአቅጣጫው የሚጎርፍበት ሂርማታ ዛሬ የቀበሌ ስም ሆኖ ቀርቷል። አባቶቻችን ይሁን አይሁን ተብለው አልተጠየቁም።

አሁን ወደ ራሳችን በር እንምጣ። በዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅዱ ከአዲስ አበባ በኢጃጂ ወደ ጅማ፣ ከዚያም ወደ ጉራፈርዳና ዲማ የሚዘልቅ የባቡር መስመር ተነድፏል። እስካሁን ሐዲድ አልተዘረጋም። ሰርቦን ይንካ አይንካ የነገረን ሰው የለም። ግን መጠየቂያው ጊዜ ካርታው በወረቀት ላይ እያለ ነው፤ ግሬደር ከገባ በኋላ ስም ቀርቶ ቦታም አይተርፍም። በ2006 የጅማ ዩኒቨርሲቲ ልጆች ከሌሎች የኦሮሚያ ተማሪዎች ጋር በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ላይ የጮኹት በሌላ ምክንያት አልነበረም።

ሕጉ በእጃችን ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ማኅበረሰቡን በሚመለከት ፕሮጀክት ላይ ሐሳቡን እንዲሰጥ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ቀድሞ ይሠራ የነበረው አዋጅ 455/1997 መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ከ90 ቀን ያላነሰ ማስጠንቀቂያ ያዝ ነበር። በዚያው አዋጅ ከይዞታው ለዘለቄታው የሚነሳ ገበሬ ከንብረቱ ካሳ ሌላ ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው አሥር እጥፍ ይከፈለው ነበር።  የቀድሞው የካሳ ደንብ 135/1999 ደግሞ መቃብርንም አልረሳም ነበር፤ አጽም የሚነሳበት፣ ሌላ ቦታ የሚዘጋጅበትና ሥርዓቱ የሚፈጸምበት ወጪ ይሸፈን ነበር።

ስለዚህ እያንዳንዱ መስጊድ የመስጊዱን፣ የወቅፉንና የመቃብሩን ወሰን አዛውንቶች ባሉበት በወረቀት ያስፍር። ለቀርሳ ወረዳ አስተዳደር የምናቀርበው ጥያቄ ሁለት ነው፤ መስመሩ በየት እንደሚያልፍ ይነገረን፣ ጣቢያ ሲሰየምም የሰፈሩ ሰው ሙስሊም ክርስቲያን ሳይባል ተሰብስቦ ይጠየቅ። ፊርማው ከመጪው ጁምዓ በኋላ በየመስጊዱ በር ይሰበሰባል፤ መጻፍ ለማይችሉ እናትና አባቶቻችን የጣት አሻራ ይበቃል። ስሙን ለማስፈር የፈራ ወንድም ቢኖር አንወቅሰውም፤ ዱዓ ያድርግ።

አላሁ አክበር!